ዩኒቨርሲቲዎች በቴክኖሎጂ ሲያስተምሩ፦ ብሔራዊ ስትራቴጂ ምን መወሰን አለበት?

በአብዛኛዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የኢ-ለርኒንግ ድረ ገጽ አለ። ተማሪው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲከፍተው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የኮርሱን ስም፣ አውትላይኑንና በፒዲኤፍ የተጫኑ ጥቂት ሃንድአውቶችን ነው። የዕለት ተዕለቱ ሥራ የሚሠራው የክፍሉ ተወካይ፣ በግቢ አጠራር ሬፑ፣ በከፈተው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። መምህሩ ስላይዱን ለሬፑ ይልካል፣ ሬፑ ግሩፑ ላይ ይለጥፈዋል፣ የአሳይመንት ማስረከቢያ ቀን እዚያው ይነገራል፣ ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀትም ፎቶ ተነሥቶ እዚያው ይዘዋወራል። ቴክኖሎጂው ከተማሪው እጅ ከገባ ቆይቷል ማለት ነው። ሆኖም ከትምህርቱ አሰጣጥ፣ ከምዘናው፣ ከመምህሩ የሥራ ጫናና ከበጀቱ ጋር የሚያያዝበት ሥርዓት ገና አልተበጀለትም። በከፍተኛ ትምህርት በቴክኖሎጂ የታገዘ መማር ማስተማርን የሚመለከት ብሔራዊ ስትራቴጂ ዋና ሥራው ይህን ሥርዓት ማበጀት ነው።

በዚህ ስያሜ ሥር የሚጠቃለሉት ነገሮች የተለያዩ ስለሆኑ አስቀድሞ መለየቱ ይጠቅማል። አንደኛው ተማሪው ግቢ ውስጥ እየኖረ፣ ከመምህሩም ጋር ክፍል ውስጥ እየተገናኘ፣ የትምህርቱን ከፊል በኮምፒዩተር ወይም በስልክ የሚከታተልበት ቅይጥ አሰጣጥ ነው። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ሲሆን፣ ሦስተኛው ከድሮ ጀምሮ በሞጁልና በቲቶሪያል የምናውቀው የርቀት ትምህርት ወደ ዲጂታል ሲዛወር የሚመጣው ነው። ሦስቱ የሚፈልጉት በጀት፣ የሰው ኃይልና ቁጥጥር አንድ አይደለም። በአንድ አንቀጽ ጠቅልሎ «ዲጂታል ትምህርት ይስፋፋል» የሚል ሰነድ ለሦስቱም አይሠራም።

በሕግ ራስ ገዝነት አላቸው ለሚባሉ ተቋማት ብሔራዊ ስትራቴጂ ለምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው። መልሱን ለማየት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ እንደገና የተጀመረውን የፍሬሽማን ፕሮግራም መመልከት ይበቃል። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እና የመሳሰሉት የጋራ ኮርሶች በአንድ ወጥ ሞጁል በሃምሳ ያህል ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣሉ። ያንኑ ምዕራፍ በየሴሚስተሩ እጅግ ብዙ መምህራን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስላይድ ያዘጋጁለታል፣ ለብቻቸው ጥያቄ ያወጡለታል። አንድ ጊዜ በጥራት የተሠራ የጋራ የዲጂታል ኮርስ ለሁሉም ሊያገለግል ሲችል፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ወጪ ሠርቶ ለሌሎቹ በነፃ የሚሰጥበት ምክንያት ግን የለውም። የጋራ ኔትወርክ፣ የጋራ የኮርስ ክምችት፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ የሌላውን ኮርስ ክሬዲት የሚቀበልበት ደንብ እና ከቴሌኮም ኩባንያዎች ጋር የሚደረግ ድርድርም እንዲሁ አንድ ተቋም ለብቻው ሊወጣቸው የማይችላቸው ጉዳዮች ናቸው። ብሔራዊው ሰነድ በእነዚህ ላይ ቢወሰን፣ የቀረውንም ለየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ቢተው የተሻለ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የእያንዳንዱን ትምህርት ክፍል አሠራር ከአዲስ አበባ ለመወሰን የሚሞክር ስትራቴጂ በዚያው መጠን ሳይፈጸም ይቀራል።

ጉዳዩ ለሀገራችን አዲስ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የዓለም ባንክ የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ የተባለውን ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀምር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ነበር፤ ትምህርቱም ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ሕንድ በዘረጋችው የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ የሙከራ ምዕራፍ አዲስ አበባና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኝተው ተማሪዎች የማስተርስ ትምህርት ተከታትለዋል። ሁለቱም ጥሩ ጅምሮች ነበሩ። ይሁን እንጂ ይዘቱም ቴክኖሎጂውም ገንዘቡም ከውጭ የሚመጣ ስለነበር፣ በዩኒቨርሲቲዎቹ የዘወትር አሠራር ውስጥ ሥር ሳይሰዱ ቀርተዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ የሚታወሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የፕላዝማ ትምህርት ነው። ምንም እንኳ ዩኒቨርሲቲን ባይመለከትም፣ በዚያ ዘመን ዘጠነኛ ክፍል የነበረ ሰው ሁሉ ትምህርቱን ያውቀዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በእንግሊዝኛ የሚተላለፈው ትምህርት በመላ ሀገሪቱ በአንድ ሰዓት ይጀምራል፤ መብራት ከጠፋ ክፍለ ጊዜው ባከነ ማለት ነው፤ በቴሌቪዥኑ ያለው አስተማሪ «አሁን ጥያቄውን ሥሩ» ብሎ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ ያልቃል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር ደግሞ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ መዝጋትና በተረፈችው ጊዜ ያልተገባውን ማብራራት ነበር ድርሻው። ግዙፍ ኢንቨስትመንት ነበር፤ የዘነጋው ግን መምህሩን ነበር። ስትራቴጂ የሚጽፉ ሰዎች የሌላ ሀገር ሰነድ ከማገላበጣቸው በፊት ይህን የራሳችንን ታሪክ ቢመረምሩ ብዙ ይማሩበታል።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና ኮቪድ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ተማሪዎች ከየግቢው ወደየቤታቸው ሲሸኙ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ መንገድ ሲፈለግ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግን በአብዛኛው ግቢዎች እስኪከፈቱ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኖባቸዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂን አጸደቀ። የዲጂታል ትምህርት ዕቅዶች ከዚያ ወዲህ በዚህ ጥላ ሥር መታየት ጀመሩ። በመካከሉ በ2011 ዓ.ም. ተቋቁሞ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሱ። እንዲህ ያለው የመሥሪያ ቤት መፍረስና መቋቋም ለተራው አንባቢ አስተዳደራዊ ዝርዝር ቢመስልም፣ የጀመሩትን ሰነድ የሚያውቁ ባለሙያዎችን ስለሚበትን ለረጅም ጊዜ ዕቅድ ትልቅ ዕንቅፋት ነው።

አሁን በሥራ ላይ ካሉት መካከል ሰፊው ኢ-ሺ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአምስት ዓመት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾን ከተባለው ሀገር በቀል አማካሪ ድርጅት ጋር ሆኖ ያካሂደዋል። 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 800,000 ተማሪዎችንና 35,000 መምህራንን ለመድረስ ያቀደ ሲሆን፣ የጋራ የመማሪያ ሥርዓት መዘርጋትን፣ መምህራንን ማሠልጠንንና ዲጂታል ኮርሶችን ማዘጋጀትን ያካትታል። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ መሣሪያ አከፋፍሎ ከመሄድ ይልቅ ኮርስና መምህር ላይ ማተኮሩ ከቀደሙት ይለየዋል።

ወደ ኢንተርኔቱ ጉዳይ ስንመጣ፣ ነገሩን በግምት ሳይሆን በሒሳብ ማየት ይሻላል። አንድ ሰዓት በመካከለኛ ጥራት የተቀረጸ የሌክቸር ቪዲዮ 300 ሜጋባይት ይሆናል እንበል። በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚሰጥ ኮርስ በ16 ሳምንት ውስጥ 14.4 ጊጋባይት ይወጣዋል፤ ተማሪው አምስት ኮርስ ከያዘ ደግሞ በሴሚስተር 72 ጊጋባይት ይደርሳል። ይህን በራሱ የሞባይል ጥቅል የሚያወርድ ተማሪ ከቤተሰቡ የሚላክለትን የኪስ ገንዘብ በሙሉ ቢያወጣም አይበቃውም። ያው ትምህርት የመምህሩን ድምፅ ከስላይዶች ጋር አጣምሮ ቢዘጋጅ ግን አንድ ሰዓቱ በ20 ሜጋባይት ገደማ ሊያልቅ ይችላል። በዚህ ስሌት የአምስቱ ኮርስ ድምር ከ5 ጊጋባይት በታች፣ ማለትም ከቀድሞው አንድ አሥራ አምስተኛ፣ ይሆናል፤ በማንኛውም ስልክ ሜሞሪ ካርድም ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ስትራቴጂው «ቪዲዮ ይዘጋጅ» ከማለት አልፎ የፋይል መጠን ጣሪያ ቢያስቀምጥ፣ ከብዙ ሥልጠናና ዐውደ ጥናት በላይ ለተማሪው ይጠቅማል።

ግቢ ውስጥ ያለው ተማሪ ሌላ አማራጭም አለው። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኘው የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ አለ፤ ኮርሶቹ በየዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ከተቀመጡ ደግሞ ተማሪው ከውጭው ኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ በግቢው ዋይፋይ ሊያወርዳቸው ይችላል። ዕንቅፋቱ ያለው ዋይፋዩ ከአስተዳደር ሕንፃውና ከላይብረሪው አልፎ ዶርም ድረስ አለመድረሱ ላይ ነው፤ ተማሪ ደግሞ የሚያጠናው ማታ ነው። ከዚህም ጋር የኢንተርኔት መቋረጥ ነገር አለ። በትግራይ ጦርነት ወቅት ለሁለት ዓመት ገደማ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለብዙ ወራት የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በእነዚህ አካባቢዎች ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ብዛት አንጻር ሲታይ፣ ያለ ኢንተርኔት ለቀናትና ለሳምንታት ሊሠራ የማይችል የመማሪያ ሥርዓት ብሔራዊ ሊባል አይችልም። ይህ የፖለቲካ አስተያየት አይደለም፤ ሥርዓቱን የሚቀርጸው ባለሙያ ከመብራት መጥፋት እኩል በጽሑፍ ሊያስገባው የሚገባ የቴክኒክ መስፈርት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሰነዶች በአንድ አንቀጽ የሚያልፉት፣ በተግባር ግን ሁሉን የሚወስነው፣ የመምህሩ ጊዜ ነው። የሎጂክ ኮርስን አንድ ሳምንት፣ ለምሳሌ ፋላሲ የሚባለውን የተሳሳተ ሙግት ምዕራፍ፣ እንውሰድ። በተለመደው አሠራር መምህሩ ያለፈውን ዓመት ስላይድ ይዞ ይገባል፣ ዓይነቶቹን በየተራ ይዘረዝራል፣ ምሳሌ ይሰጣል፣ ይወጣል። ይህንኑ ሳምንት በደንብ ወደ ዲጂታል ለማምጣት ትምህርቱን እያንዳንዳቸው ስምንት ደቂቃ በማይሞሉ አራት ቀረጻዎች መከፋፈል፣ ከእያንዳንዱ በኋላ አጭር ጥያቄ ማስቀመጥ፣ ተማሪው ሲሳሳት «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ የመረጠው መልስ ለምን እንዳልሆነ የሚያስረዳ ማብራሪያ ለእያንዳንዱ ምርጫ መጻፍ ያስፈልጋል። ምሳሌዎቹ ከውጭ መጽሐፍ ተገልብጠው ሳይሆን ተማሪው በየቀኑ ከሚያየው የማስታወቂያና የማኅበራዊ ሚዲያ ክርክር ሊወሰዱ ይገባል። ከዚያም ቀድሞ ለሌክቸር ይውል የነበረው የክፍል ሰዓት ተማሪዎች እርስ በርስ የሚሟገቱበትና መምህሩ እየተዘዋወረ የሚያርምበት እንዲሆን እንደገና መታቀድ አለበት። ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማንም ሰው ከስልኩ ሊያዳምጠው የሚችለው ገለጻ ከክፍል ወጥቶ፣ መምህር በአካል ሲገኝ ብቻ የሚሆነው ሥራ ወደ ክፍል ይገባል።

እንዲህ ያለ አንድ ሳምንት ለማዘጋጀት የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ሌክቸር ዝግጅት ጋር የሚወዳደር አይደለም። የመምህሩ የሥራ ጫና ግን የሚቆጠረው ክፍል ገብቶ በሚያስተምረው ክሬዲት ሰዓት ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የዋለበት፣ ጥያቄ ሲጽፍ ያመሸበት፣ የተማሪዎችን የኢንተርኔት ውይይት ሲመልስ ያሳለፈው ሰዓት በዚያ ቆጠራ ውስጥ ቦታ የለውም። በደረጃ ዕድገትም በኩል የጆርናል ጽሑፍ የሚያገኘውን ክብደት ጥሩ የዲጂታል ኮርስ አያገኝም። በዚህ ላይ ብዙ መምህራን ደመወዛቸው ስለማይበቃ በማታና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር፣ በግል ኮሌጆችም ጭምር እንደሚያስተምሩ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው መምህር ሥልጠናውን ወስዶ፣ ሰርተፊኬቱን ተቀብሎ፣ ተመልሶ ፒዲኤፍ ቢጭን የሚፈረድበት አይመስለኝም፤ አሠራሩ የሚከፍለው ለዚያ ነውና። ስትራቴጂው በዚህ ረገድ ሁለት ነገር ቢወስን ይበቃዋል። አንድን ኮርስ በጸደቀ ደረጃ ወደ ዲጂታል ላመጣ መምህር በዚያ ሴሚስተር የማስተማር ጫናው ይቀነስለት፤ ሥራውም በአቻ ባለሙያዎች ከተገመገመ በኋላ ለዕድገት ይያዝለት። ሁለቱም አዲስ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት በሴኔት ደንብ ላይ የሚደረግ ማሻሻያና ለተተኪ መምህር የሚሆን በጀት ነው። ምናልባትም የሚዘገዩት ለዚህ ይሆናል፤ ሰርቨር ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ደንብ ሲሻሻል ግን ካሜራ አይመጣም።

ምዘናን በተመለከተ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን አሳይቷል። በአንድ በኩል በሀገር አቀፍ ደረጃ በኮምፒዩተር ፈተና መስጠት እንደሚቻል፣ የየግቢው የኮምፒዩተር ላቦራቶሪና ኔትወርክም ቀን ከተቆረጠለት ሊሠራ እንደሚችል አረጋግጧል። በሌላ በኩል በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ማለፋቸው ተቋማቱን በማስደንገጡ፣ ብዙዎቹ ዲጂታል ትምህርትን ለፈተናው ማለማመጃ ወደሚሆን የምርጫ ጥያቄ ክምችት ማጥበብ ጀምረዋል። የጥያቄ ክምችት ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራትን፣ ጽሑፍ መጻፍን፣ የመስክ መረጃ መተንተንን አይተካም። ቻትጂፒቲን የመሰሉ ፕሮግራሞች ከመጡ ወዲህ ደግሞ ቤት ተወስዶ የሚሠራ አሳይመንት ብቻውን የተማሪውን ችሎታ ስለማያሳይ፣ የቃል ፈተናና ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሥራ ድርሻቸው እንዲጨምር መፍቀድ ግድ ሆኗል።

የኅብረተሰቡ አመኔታም በስትራቴጂ ውስጥ መታሰብ አለበት። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት በጥራት ጉድለት ምክንያት በርቀት ትምህርት ላይ እገዳ ጥሎ እንደነበር የሚያስታውሱ ወላጆችና ቀጣሪዎች፣ «ኦንላይን የተማረ» ሲባሉ ቅር ቢላቸው አይገርምም። ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ማስታወቂያ ሳይሆን ግልጽ የክሬዲት ደንብ ነው። ሕንድ ስዋያም በተባለው ብሔራዊ የኮርስ መድረኳ የሚሰጡ ኮርሶች መጀመሪያ እስከ 20 በመቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ በሴሚስተር እስከ 40 በመቶ ለሚሆነው ትምህርት ክሬዲት እንዲያዙ ደንብ አውጥታለች። መጠኑ ለእኛ ይሁን አይሁን ሌላ ክርክር ነው፤ ዋናው ነገር ተማሪው ሀዋሳ ሆኖ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውን ኮርስ ቢወስድ ውጤቱ ትራንስክሪፕቱ ላይ እንደሚሰፍር አስቀድሞ ማወቁ ነው። ይህን የመወሰኑ ኃላፊነት በትምህርት ሚኒስቴር፣ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና በዩኒቨርሲቲዎች ሴኔት መካከል የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ማን ምን እንደሚወስን በስም ካልተጻፈ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

ዓይነ ስውር ተማሪዎችን የሚመለከተውም ነገር በቀላሉ ሊስተካከል ሲችል ይረሳል። በስክሪን ላይ ያለን ጽሑፍ በድምፅ የሚያሰማው ስክሪን አንባቢ ፕሮግራም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ የተደረገ ሃንድአውትን ማንበብ አይችልም፤ ለእሱ ባዶ ገጽ ነው። «ማንኛውም ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ምስል አይጫንም» የምትል አንዲት ደንብ ምንም ወጪ አትጠይቅም። የተማሪዎችን ውጤትና የአጠቃቀም መረጃ ማን ያያል፣ የት ይቀመጣል የሚለው ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ግዴታ ሆኗል።

በመጨረሻ የሚቀረው ገንዘቡ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒዩተርና ሰርቨር የሚገዙት በካፒታል በጀት ወይም በልማት አጋር ድጋፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጥገና፣ የባትሪ፣ የኢንተርኔትና የባለሙያ ደመወዝ ወጪ ግን ከመደበኛው በጀት መውጣት አለበት። መደበኛው በጀት ደግሞ ለተማሪዎች ምግብና ለደመወዝ ቅድሚያ ስለሚሰጥ፣ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ለሚያቆየው የዩፒኤስ ባትሪ የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ በዶላር የሚከፈል የሶፍትዌር ፈቃድና የክላውድ ኪራይ በብር ሲሰላ ከዕጥፍ በላይ ሆኗል። ሙድልን የመሰሉ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅባቸው የኢ-ለርኒንግ ሥርዓቶች በዚህ በኩል ያዋጣሉ፤ ነገር ግን እነሱን የሚያስተዳድር ሰው ይፈልጋሉ፣ ያ ሰው ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የአይሲቲ ባለሙያ ደመወዝ ባንክ ወይም ቴሌኮም እስኪጠራው ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። ኢ-ሺን የመሰለ በውጭ ድጋፍ የሚካሄድ ፕሮግራም ዘመኑ ሲያበቃ ስቱዲዮዎቹን፣ ሰርቨሮቹንና ኮርሶቹን የሚረከበው ክፍል በየዩኒቨርሲቲው መዋቅር ውስጥ ከነሥራ መደቡና ከነበጀት ኮዱ ከአሁኑ ካልተፈቀደ፣ በአምስት ዓመት የተሠራው ኮርስ የሚያድሰው አጥቶ፣ ተማሪውም ሬፑ ወደ ከፈተው ግሩፕ መመለሱ አይቀርም።